ስብ ወይስ ኢምፕላንት? መጀመሪያ የጎደለው ነገር ይታወቅ

«ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት 84 ኪሎ ነበርኩ። ምግብ ቀንሼ፣ ጂም ገብቼ 15 ኪሎ ቀነስኩ። ሰውነቴን ወደድኩት፣ ፊቴን ግን አጣሁት። ጉንጬ ገባ፣ ዐይኔ ሥር ጎደጎደ፤ ቢሮ ስገባ ‹አሞሽ ነበር እንዴ?› የሚለኝ በዛ። አገጬ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አጭር ነው፤ ከጎን የተነሣሁትን ፎቶ ማየት አልወድም። ሁለት ቦታ ተማከርኩ። አንዱ ‹ከሆድሽ ስብ ወስደን ጉንጭሽንም አገጭሽንም እንሞላዋለን፤ የራስሽ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ነው› አለኝ። ሌላው ‹ስብ በሦስት ወር ቀልጦ ያልቃል፤ ለሁለቱም ኢምፕላንት ይሻልሻል› አለኝ። ዱባይ ያለችው እህቴ ‹እዚህ ነይና በአንድ ሳምንት ጨርሰሽ ትመለሻለሽ› ትላለች። ጆሮዬን የተበሳሁ ጊዜ ጠባሳው አብጦብኝ ነበር፤ እሱም ያስፈራኛል። የቱን ልምረጥ? መ. ነኝ፣ ከአራት ኪሎ።»

ጤና ይስጥልን፣ እህታችን።

ሁለቱም ያማከሩዎት ሰዎች የእውነቱን ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። የተተከለ ስብ በሦስት ወር አያልቅም፤ የገባው ሁሉ ዕድሜ ልክ ይኖራል ማለት ግን አይደለም። እኛን የበለጠ ያሳሰበን ሁለቱም ለጉንጭዎና ለአገጭዎ አንድ ዓይነት መፍትሔ ማዘዛቸው ነው። ጉንጭዎ ከሁለት ዓመት በፊት ሙሉ ነበር፤ የሄደው ስብ ነው። አገጭዎ ግን ከልጅነትዎ አጭር ነው፤ እዚያ ያነሰው አጥንት ይመስላል። ስብ የሄደበት በስብ ይሞላል፣ አጥንት ያነሰበት በጠንካራ ነገር ወይም በአጥንቱ በራሱ ይካካሳል። ስለዚህ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት ነው፣ መልሱም ሁለት ነው።

በጉንጭዎ እንጀምር። የጉንጭ ኢምፕላንት፣ ማለትም ቅርጽ ተሰጥቶት በቀዶ የሚገባው ጠጣር ዕቃ፣ የሚቀመጠው የጉንጭ አጥንት ላይ ነው። የእርስዎ ጉድለት ግን ከአጥንቱ ዝቅ ብሎ ለስላሳው ላይ፣ እንዲሁም ከዐይን ሥር ነው። ለዝቅተኛው ጉንጭ የተሠራ የኢምፕላንት ቅርጽ የለም አይደለም፤ ነገር ግን ስቡ በሳሳ ፊት ላይ ጠርዙ ጎልቶ ሊታይ ይችላል፣ በተለይ ሲስቁ። ከዚህም ሌላ ቦታው የሚዘጋጀው በላይኛው ከንፈር ውስጥ ተገብቶ፣ ከዐይን በታች ከአጥንት የሚወጣው የስሜት ነርቭ አጠገብ ነው። ነርቩ ከተጎተተ ላይኛው ከንፈርና የአፍንጫ ጎን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደነዝዛል። ይህን ሁሉ ከፍለው ዐይንዎ ሥር ያለው ጉድጓድ እዚያው ይቀራል። ለጉንጭዎ ኢምፕላንት አንመክርም።

ስቡ እንዴት እንደሚተከል ይወቁት፤ ካወቁት ሐኪሙን በትክክል መጠየቅ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከታችኛው ሆድ ወይም ከጭን የውስጥ ጎን ነው። ከየትኛው ቢወሰድ የበለጠ ይይዛል የሚለው ክርክር አሸናፊ የለውም፤ ስብ ያለበትና ጠባሳው የሚደበቅበት ቦታ ይመረጣል። በመጀመሪያ ማደንዘዣና አድሬናሊን ያለበት ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ቦታው ላይ ይወጋል፤ የተለመደው ቀመር በ1 ሊትር ሳላይን 1 ሚሊግራም አድሬናሊን ነው። ከዚያ የደም ሥሮቹ እስኪኮማተሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ያልጠበቀ ሰው ደም የበዛበት ስብ ያወጣል፣ ሆድዎም ክፉኛ ይበልዛል። ቀጥሎ ካኑላ የሚባለው ጫፉ ደነዝ ቱቦ፣ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ 10 ሲሲ (ሚሊሊትር) ስሪንጅ ላይ ይገጠምና ስቡ በእጅ ቀስ ተብሎ ይሳባል። በኃይል ከተሳበ የስቡ ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ የፈነዳ ሕዋስ ደግሞ የትም ቢተከል አይበቅልም።

የተሳበው ይጣራል። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ኮልማን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመዱት ዘዴ ስሪንጁን በሴንትሪፊውጅ በደቂቃ 3,000 ዙር ለ3 ደቂቃ ማሽከርከር ነው። ሦስት ድርብርብ ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ ከፈነዱ ሕዋሳት የወጣ ዘይት፣ ከታች ደምና የማደንዘዣው ውኃ፣ መሐል የሚፈለገው ስብ። ቅቤ ሲነጠር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ያጥበው ዘንድ የሚመርጥ ሐኪም አለ፣ በንጹሕ ጎዝ ላይ የሚያንከባልለውም አለ፤ በዚህ አይጨነቁ። መጨነቅ ያለብዎት በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

የተተከለ ስብ የራሱ የደም ሥር ይዞ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖረው ከዙሪያው ካለው ሥጋ በሚደርሰው እርጥበትና ኦክስጅን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ ትንንሽ የደም ሥሮች እያደጉ ይደርሱለታል። ስለዚህ በአንድ ቦታ የተከመረ ስብ ዳር ዳሩ ቢተርፍም መሐሉ ይሞታል፤ አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደተከመረ ዘር። የሞተው መሐል ወይ ይመጠጣል፣ ወይ ዘይት የቋጠረ ከረጢት ሆኖ በጣት የሚዳሰስ እብጠት ይተዋል፣ ሲቆይም እንደ ጠጠር ሊደርቅ ይችላል። ለዚህ ነው ጎበዝ ሐኪም በ1 ሲሲ ስሪንጅ፣ ካኑላውን ወደ ኋላ እየሳበ፣ በአንድ ምልልስ ከ0.1 ሲሲ የማይበልጥ ጠብ የሚያደርገው። አንድ ጉንጭ ላይ ብቻ በደርዘን የሚቆጠር ምልልስ አለ። «በሃያ ደቂቃ እንጨርሳለን» ካሉዎት፣ የሚያደርጉት መትከል ሳይሆን መሙላት ነው። ስቡ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ ጉንጭና ዐይን ሥር እስኪገባ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ልክ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ፊት ለአንድ ጉንጭ ከ4 እስከ 8 ሲሲ፣ ለአንድ ዐይን ሥር ከ1 እስከ 2 ሲሲ የተለመደ ነው። ሁለቱንም ጎን ደምሩት ብንል ከ10 እስከ 20 ሲሲ ነው። ሲጣራ ብዙው ስለሚወጣ ከሆድዎ የሚወሰደው ምናልባት ከ40 እስከ 70 ሲሲ ይሆናል፤ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። (‹ሆድሽም አብሮ ይቀንሳል› ካሉዎት ፈገግ ብለው ይለፉት።) ከገባው ውስጥ የሚተርፈው ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ ከሲሶ እስከ ሁለት ሲሶ ብለው ቢያስቡ አይሳሳቱም። በሦስት ወር «ቀለጠ» የሚባለው ይህ ነው፤ የጠፋው እብጠቱና ያልያዘው ክፍል ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ድረስ የቆየው ግን የራስዎ ሕያው ሥጋ ሆኗል። ከአሥር ሰው የተወሰኑት ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለተኛው ዙር ከስድስት ወር በፊት መደረግ የለበትም። ለሁለተኛው ዙር «ትርፉን ስብ በፍሪጅ እናስቀምጥልሻለን» ካሉዎት እምቢ ይበሉ። በተራ ማቀዝቀዣ የቆየ ስብ የሞተ ስብ ነው። ‹ናኖፋት› የሚለውንም በማስታወቂያ ይሰሙ ይሆናል፤ ስቡ ተፈጭቶ በወንፊት ያለፈ ነው፣ ሕያው የስብ ሕዋስ እምብዛም የለበትም። ለቆዳ ጥራት ይጠቀሙበታል እንጂ የገባ ጉንጭ አይሞላም።

ዐይን ሥር ላይ ቆም እንበል፤ በዚህ ሕክምና ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚያ ነው። የታችኛው የዐይን ቆብ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ቀጭኑ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠ አንዲት ጠብታ ስብ እንደ ሽምብራ ትታያለች። ሃያሉሮኒክ አሲድ እንደሚባለው ፊለር (በመርፌ የሚሰጥ መሙያ) በሌላ መርፌ የሚሟሟ ነገር አይደለም፤ ከያዘ ማውጣት የሚቻለው በቀዶ ነው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ስቡ የሚገባው ከጡንቻው ሥር አጥንቱ ላይ ነው፣ መጠኑም ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ጎደሎ ይሙላ እንጂ አይትረፍረፍ። ሐኪሙ «ስለሚቀልጥ አብዝተን እንጨምራለን» ካለ፣ ለጉንጭ ትንሽ ቢታለፍ እንኳ ለዐይን ሥር አይቀበሉት።

ሊነግሩዎት የማይወዱትን እንንገርዎ። ስቡ በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባና በግፊት ወደ ኋላ ከተገፋ ዐይንን የሚመግበው የደም ሥር ይደፈናል፤ ዓይነ ስውርነትና ስትሮክ ያስከተለባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ብርቅ ነው፣ ሲደርስ ግን አይመለስም። አደጋው የሚበረታው በቅንድብ መሐል፣ በአፍንጫና በግንባር ላይ ነው። ጉንጭ ከነዚህ ይሻላል እንጂ ነፃ አይደለም። መከላከያው ቀላል ነው፤ ጫፉ ደነዝ ካኑላ፣ ትንሽ ስሪንጅ፣ ቀስ ያለ ግፊት፣ እየተንቀሳቀሱ ማስገባት። ለስብ ሹል መርፌ ከጠረጴዛው ላይ ካዩ ይጠይቁ። በመሐሉ ድንገተኛ የዐይን ሕመም ወይም የዕይታ መጨለም ቢሰማዎት ወዲያው ይናገሩ፤ ሥራው በዚያች ሰከንድ ይቆማል፣ ወደ ዐይን ሐኪምም በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ ያስፈልጋል። ሙሉ ማደንዘዣ ከሚወስዱ ነቅተው በቦታ ማደንዘዣና በማረጋጊያ ቢሠራልዎ አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

አሁን ስለ ክብደትዎ። የተተከለ የሆድ ስብ ጉንጭ ላይ ቢሆንም የሆድነት ጠባዩን አይረሳም። አሥር ኪሎ ቢጨምሩ ጉንጭዎ አብሮ ይወፍራል፤ አሥር ኪሎ ቢቀንሱ የተተከለውም ይሟሽሻል። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት ቢያንስ ለስድስት ወር ክብደትዎ በአንድ ቦታ መቆም አለበት፤ ወዲያ ወዲህ ቢል 2 ኪሎ። ጿሚ ከሆኑ ደግሞ ቀኑን ሲቆርጡ የቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። የሁዳዴ ዋዜማ ላይ ተሠርቶ 55 ቀን መጾም፣ ስቡ የደም ሥር እየጠበቀ ባለበት ወቅት ሰውነትን ማራብ ነው። ከጾሙ መጨረሻ ወደ ፋሲካ ሥጋ መግባትም ሚዛኑን ያናውጣል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሁለት ወር ቆይቶ፣ ክብደትዎ ከተረጋጋ ይሻላል። በዚያው ላይ 15 ኪሎው በምግብና በጂም መሄዱን ቢነግሩንም፣ ስኳርና ታይሮይድ መመርመር ርካሽ ነው፤ ይመርመሩ።

እግረ መንገዳችንን ለሌሎች አንባቢዎቻችን አንድ ነገር። ፊታቸው የገባው ቀድሞ ስታቩዲን የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ወስደው የሆነ ሰዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር ያሳሰበው ለዚህና ለመሰል ጉዳቶች ነው። በእነርሱ ላይ የሆድና የእጅ እግር ስብ አብሮ ስለሚሳሳ የሚወሰድ ስብ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው፤ ምክራቸውም ከዚህ የተለየ ነው።

ወደ አገጭዎ እንምጣ። እዚህ ላይ ከሐኪሙ በፊት ጥርስዎን ይዩ። እኛ ዘንድ «አገጬ አጭር ነው» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ አገጫቸው ደህና ሆኖ የፊት ጥርሶቻቸው ወደ ፊት የወጡ ናቸው፤ ጥርሱ ከንፈሩን ገፍቶ ሲያወጣው አገጩ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። የእነዚህ ሰዎች መፍትሔ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ነው። ሌሎች ደግሞ ታችኛው መንጋጋ ራሱ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ሲነክሱ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው በጣም ቀድሞ ይቀመጣል፣ ሌሊት ያንኮራፋሉ። በእነዚህ ላይ አገጭ ላይ ሲሊኮን መለጠፍ ችግሩን መሸፈን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄደው ከጎን የሚነሣውን የጭንቅላት ራጅና ጥርሱን ሁሉ በአንድ የሚያሳየውን የፓኖራሚክ ራጅ ያስነሡ።

ፎቶዎንም ይጠራጠሩ። በ30 ሳንቲሜትር ርቀት የተነሣ ሰልፊ ለካሜራው የቀረበውን አፍንጫ ያገዝፋል፣ ሌላውን ፊት ያሳንሳል። ሌላ ሰው ከሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ካሜራውን በዐይንዎ ከፍታ ይዞ፣ አንገትዎን ቀጥ አድርገው አፍዎንም ገጥመው ከጎን ያንሣዎት። ፎቶው ላይ ከታችኛው ከንፈር ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ያስምሩ። የሴት አገጭ ከዚያ መስመር አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢቀር የተለመደ ነው። ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር ከቀረ ኢምፕላንት የሚሠራበት ክልል ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም አገጩ ወደ ታችም አጭር ከሆነ፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ የራስዎን የአገጭ አጥንት ከታች በአግድም ቆርጦ ወደ ፊት አንሸራትቶ በታይታኒየም ሰሌዳና ብሎን ማሰር ይሻላል። ይህ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። ይከብዳል፣ እብጠቱም ይበዛል፤ ግን ባዕድ አካል የለበትም ማለት ይቻላል፣ አጥንቱ ከገጠመም ለዘለቄታው ተገላግለዋል።

ስብስ አገጭ አይሞላም? በትንሹ ይሞላል። ግን አገጭ ላይ የሚፈለገው ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ለስላሳ ነገር ደግሞ ቆዳውና ጡንቻው ሲጫኑት ወደ ጎን ይሰፋል። በማውራትና በማኘክ ቀን ሙሉ የሚንቀሳቀስ ቦታም ስለሆነ ስቡ ደህና አይይዝም። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ለጎደለው ሰው ይበቃ ይሆናል። ከዚያ ለበለጠ አይደለም።

ኢምፕላንቱ በአብዛኛው ጠጣር ሲሊኮን ነው፤ ጡት ውስጥ እንደሚገባው ጄል አይደለም፣ ቢቆረጥም አይፈስም። ሰውነት በቀጭን ሽፋን ይከበዋል እንጂ አይበቅልበትም፤ ስለዚህ ካልወደዱት በሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይወጣል። ሌላው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ፖሊኢታይሊን ነው። በቀዳዳዎቹ ሥጋ ይበቅልበትና ንቅንቅ አይልም። ይህ ጥሩ ይመስላል፣ ማውጣት እስኪያስፈልግ ድረስ፤ ያን ጊዜ ከሥጋ እየተቀደደ ነው የሚወጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስገባ፣ ልቡም ለሚያመነታ ሰው ሲሊኮን ይሻላል ባይ ነን።

የሚበላሸው በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ማመርቀዝ ነው። ባክቴሪያ ኢምፕላንቱ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፣ የደም ሥር በሌለው ዕቃ ላይ አንቲባዮቲክ አይደርስበትም። ምልክቱ ይታወቃል፤ መቀነስ ጀምሮ የነበረው እብጠትና ሕመም ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን እንደገና ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ኢምፕላንቱ ወጥቶ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ተጠብቆ ነው ሌላ የሚገባው። ሁለተኛው ቦታ መልቀቅ ነው፤ ኪሱ ከኢምፕላንቱ ሰፍቶ ከተሠራ ይዞራል ወይም ወደ ላይ ይወጣል። ከአጥንቱ ሽፋን ሥር ጠበብ ያለ ኪስ፣ አንድ ሁለት ብሎንም ካለ ይህ ይቀራል። ሦስተኛው የነርቭ ጉዳት ነው፤ ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከአጥንት የሚወጣው ከሁለተኛዋ ትንሽ መንጋጋ ጥርስ ሥር አካባቢ ነው፣ የኢምፕላንቱ ክንፍ ከሥሩ ማለፍ አለበት። ከዓመታት በኋላ ኢምፕላንቱ አጥንቱን አንድ ሁለት ሚሊሜትር መጫኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራጅ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ምንም አያስከትልም። ከፍ ብሎ የጥርስ ሥሮች አጠገብ ከተቀመጠ ግን ሌላ ነገር ነው።

ካመነቱ መሞከሪያ አለ። አንድ ወይም ሁለት ሲሲ ሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር አገጭ ላይ ቢያስገቡ፣ መስተዋት ፊት ለአንድ ዓመት ያህል ኖረው ያዩታል፤ ካልወደዱት ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መርፌ ይሟሟል። ፊለሩን የሚወጋው ሐኪም ይሁን፣ ሃያሉሮኒዴዙም እጁ ላይ ይኑር። ሳሎን ውስጥ የሚወጋ «የማይጠፋ» ፈሳሽ ሲሊኮን ግን በነፃ ቢሰጥዎትም አይንኩት። ሥጋ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ሙሉ በሙሉም አይወጣም።

የጆሮዎ ጠባሳ ነገር በዚህ ላይ ይመጣል። ጥያቄው ይህ ነው፤ እብጠቱ ከተበሳው ቀዳዳ ድንበር አልፎ አድጓል? አልፎ ካደገ ኬሎይድ ነው፤ በቁስሉ ልክ ቆሞ በጊዜ ከቀነሰ ተራ ወፍራም ጠባሳ ነው። ኬሎይድ ከሆነ ከአገጭ ሥር የሚደረገው 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ቁርጥ ለእርስዎ አይሆንም፤ የአገጭና የመንጋጋ ጠርዝ ኬሎይድ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነውና። በአፍ ውስጥ ይሠራልዎት። የአፍ ውስጥ ሥጋ ኬሎይድ አያወጣም ማለት ይቻላል። ዋጋው የአፍ ባክቴሪያ ነው፤ ስለዚህ ከቀዶው በፊት ጥርስዎን ይታጠቡ፣ የተበላም ካለ ያስሞሉ፣ አንቲባዮቲኩም ከመቆረጡ በፊት በደም ሥር ይግባ። ሐኪሙ ሲሰፋ የአገጩን ጡንቻ ወደ ቦታው መልሶ ማሰር አለበት፤ ከተረሳ አገጩ ይወርዳል፣ የታች ጥርስም ይጋለጣል። ለስቡ የሚደረጉት ቀዳዳዎች 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ናቸው፤ እምብርት ውስጥና ፀጉር መስመር ላይ እንዲሆኑ ይጠይቁ። ስቡና አገጩ በአንድ ቀን ከተሠሩ ስቡ ይቅደም፣ አፍ የሚከፈተው በመጨረሻ ይሁን። ንጹሑ ሥራ ይቀድማል። እኛ ግን ለየብቻ ቢሆን እንመርጣለን፤ የአገጭዎ መስመር ሲስተካከል ጉንጭዎ የሚያስፈልገው ስብ ሊያንስ ይችላል።

ስለ ዱባይ። የሐኪም ችሎታ ጥያቄ አይደለም፤ ቀኑ ነው የማይገጥመው። ኢምፕላንት የሚያመረቅዘው እርስዎ ተመልሰው ቢሮ በገቡበት ሳምንት ነው፣ የስብ ውጤት የሚለካው በስድስተኛው ወር ነው። የሠራው ሐኪም ያኔ የለም። እዚህ ያለው ደግሞ የትኛው ዕቃ፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ሽፋን እንደገባ አያውቅም። በ2013 እና 2014 እ.ኤ.አ. ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለውበት ቀዶ የሄዱ አሜሪካውያን ሴቶች ከተመለሱ በኋላ በማይኮባክቴሪያ ቁስል መታመማቸው ይታወቃል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ባልተቀቀለና ባልጸዳ ውኃ የታጠበ ካኑላ አንዱ መግቢያቸው ነው። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ ይወጣል፣ በተለመደው አንቲባዮቲክ አይድንም፣ ለወራት የብዙ መድኃኒት ቅንጅት ይፈልጋል። በማይክሮስኮፕ ቀለም ሲታይም የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ስለሚመስል እኛ አገር በቀላሉ ይምታታል። የትም ይሠሩ፣ የማይድን እብጠት ከወጣብዎት ናሙናው ካልቸር ይደረግልኝ (ባክቴሪያው በላቦራቶሪ አድጎ ይለይልኝ) ይበሉ። እህትዎ ዘንድ ከሄዱም ቢያንስ አሥር ቀን ይቆዩ፣ የኢምፕላንቱን መለያ ተለጣፊና የቀዶውን ጽሑፍ ሳይዙ አይመለሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ይፈልጉ፤ «የኤስቴቲክስ (የውበት) ሰርተፍኬት» የተለየ ነገር ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ጥቁር አንበሳና ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 የዚህ ሙያ ሐኪሞች የሚሠሩባቸው ሆስፒታሎች ናቸው። የመንግሥት ሆስፒታል ቅድሚያ የሚሰጠው ለቃጠሎና ለአደጋ ስለሆነ ለውበት ወረፋ አይጠብቁ፤ ስሙንና ፈቃዱን ለማጣራት ግን ይጠቅማል። ዋጋ ሲጠይቁ ተለያይቶ ይጻፍልዎት፤ የሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ የቀዶ ክፍሉ፣ የላቦራቶሪው፣ የኢምፕላንቱ። ሁለተኛ የስብ ዙር ያስከፍላል ወይ? ኢምፕላንቱ ቢያመረቅዝ ማውጫውን የሚከፍለው ማነው? ይህን በጽሑፍ የማይሰጥ ቦታ አይግቡ።

ከቀዶው በፊት ለአራት ሳምንት፣ ከኋላም ለአራት ሳምንት ሲጋራም ሺሻም ጫትም አይኑር፤ ኒኮቲንም በጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገርም የስቡን ብቸኛ ተስፋ፣ ትንንሾቹን የደም ሥሮች፣ ያኮማትራሉ። አስፕሪንና መሰል ማስታገሻዎችን ከአንድ ሳምንት በፊት ሐኪምዎን ጠይቀው ያቁሙ። ለመድኃኒት ብለው በብዛት የሚወስዱት ነጭ ሽንኩርት ካለም ይንገሩት፤ ደም ያቀጥናል። ከስቡ በኋላ ለሁለት ሳምንት በጀርባዎ፣ ራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። ጉንጭዎን አይሹት፣ ፊትዎ ላይ የሚጠብቅ ሻሽ አይሰሩ፣ ወይባም አይሙቁ። የግንባር ጎንዎም ከተሞላ ለአንድ ወር ጠበቅ ያለ ሹሩባ አይሠሩ። ከአገጭ በኋላ ለመጀመሪያው ሳምንት አጥሚት፣ ለብ ያለ ሾርባ፣ እርጎ፤ በርበሬና ትኩስ ሽሮ ስፌቱን ያቃጥላሉ። ከምግብ በኋላ ሁሉ በጨው ውኃ ይጉመጥመጡ። ቆሎ ለስድስት ሳምንት ይቅር፤ ይህ ከሁሉ የሚከብድዎት ይመስለናል።

የዓመት ፈቃድዎን ሲጠይቁ ለስቡ አሥራ አራት ቀን ይያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ፊትዎ ከሚጠብቁት በላይ ይነፋል፣ መበለዙ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ይቆያል፤ ያን ጊዜ ፎቶ አይነሡ፣ አይፍረዱም። የበጀት ዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ሰኔንና ሐምሌን ከወዲሁ ይሰርዙ። አሁን ራጁን ያስነሡ፣ ሚዛንዎን በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይመዝግቡ። ቁጥሩ ለስድስት ወር ከቆመ ያንን ወረቀት ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ።